ድራይቨሩ ለምን በድንገት ይገለበጣል? የጅማ ዲስክ ጎልፍ ወርዋሪዎች ተደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጅማ ላይ ዲስክ ጎልፍ (በኳስ ፋንታ ዲስክ ወደ ቅርጫት የሚወረወርበት ጨዋታ) ከሚወረውሩ ሰዎች ጋር ሜዳ ላይ ስንገናኝ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። ድራይቨሩ፣ ማለትም ለሩቅ ውርወራ የተሠራው ፈጣን ዲስክ፣ ደህና ይወጣል። ትንሽ ሄዶ በቀኝ ጎኑ ይተኛል። ከዚያ በጠርዙ መሬት ይመታና እየተንከባለለ ሣር ውስጥ ይገባል። አብዛኛው ሰው ወዲያው ዲስኩን ይወቅሳል፤ ሌላ ለማግኘትም ያስባል። እዚህ ደግሞ ዲስክ እንደ እግር ኳስ ከየሱቁ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የሚደርሰን። ስለዚህ ያለንን ሳንጥል ምክንያቱን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

መልሶቹ የተጻፉት በቀኝ እጁ ባክሃንድ፣ ማለትም ክንዱን በደረቱ ፊት አሳልፎ፣ ለሚወረውር ሰው ነው። ፎርሃንድ፣ ማለትም ከጎናችሁ በአንጓ እየፈነጠቃችሁ፣ የምትወረውሩና ግራኞች የየራሳችሁን ጥያቄ ወደ ታች ታገኛላችሁ።

ዲስኩ ወደ ቀኝ መዞሩ ራሱ ስሕተት ነው?

አይደለም። ብዙ ድራይቨሮች ፈጥነው ሲበሩ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ሲደክሙ ደግሞ ወደ ግራ እንዲሄዱ ሆነው ነው የተሠሩት። የመጀመሪያው ተርን፣ ሁለተኛው ፌድ ይባላል። ሁለቱ ሲገናኙ ዲስኩ ወደ ቀኝ ወጣ ብሎ፣ ለጥ ብሎ ተንሳፍፎ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ይመለሳል። ሩቅ የሚወረውሩ ሰዎች ይህን መንገድ ፈልገው ነው የሚወረውሩት። ዲስኩ አየር ላይ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ርቀት ያተርፋሉ።

ችግር የሚሆነው ተርኑ ከልክ ሲያልፍ ነው። ዲስኩ ከመጠን በላይ ካጋደለ በኋላ ፌዱ ሊመልሰው አይችልም። ያኔ ተገልብጧል።

እሺ፣ ግን አየር ላይ ምን ሆኖ ነው የሚዞረው?

ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። አንደኛው አየሩ ዲስኩን የት ላይ እንደሚገፋው ነው። ሁለተኛው ዲስኩ ምን ያህል እንደሚሽከረከር ነው።

ዲስኩ ሲበር አየሩ ወደ ላይ ያነሣዋል። ይህ የሚያነሣው ኃይል ግን ሁልጊዜ ልክ መሐሉ ላይ አያርፍም። ዲስኩ ፈጣን ሆኖ ለጥ ብሎ ሲሄድ ኃይሉ ከመሐል ወደ ኋላ ይሸሻል። ኋላው ሲነሣ አፍንጫው መውረድ ነበረበት። የማይሽከረከር ዕቃ ቢሆን ኖሮ በእርግጥም ይወርድ ነበር። የሚሽከረከር ነገር ግን ሲገፉት በተገፋበት በኩል አያጋድልም። የግፊቱ ውጤት ሩብ ዙር አልፎ በጎን ይወጣል። በቀኝ እጅ ባክሃንድ የተወረወረ ዲስክ ከላይ ሲታይ በሰዓት ዘንግ አዟዟር ይሽከረከራል። ስለዚህ ኋላው ላይ ያረፈው ግፊት ግራ ጎኑን ያነሣዋል፤ ቀኝ ጎኑ ይወርዳል። ተርን የሚባለው ይህ ነው።

ዲስኩ ፍጥነቱ አልቆ መውረድ ሲጀምር አየሩ ከሥሩ በሰፊው ይመታዋል። የሚያነሣው ኃይል አሁን ከመሐል ወደ ፊት ይመጣል። ውጤቱም ተቃራኒ ነው፤ ግራ ጎኑ ይወርዳል። ይህ ፌድ ነው።

አሁን ወደ ሽክርክሪቱ እንምጣ። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቱን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በኃይል ሲሾር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲዝል ይንገዳገዳል። ዲስክም ሽክርክሪቱ በበዛ ቁጥር የአየሩን ግፊት ይቋቋማል። ፍጥነት ኖሮት ሽክርክሪት የጎደለው ዲስክ ግን ቶሎ ይተኛል። ይህን ያዙልኝ። ክንዳቸው ጠንካራ የሆኑ ብዙ ሰዎች ዲስክ የሚገለብጡት በዚህ ነው። ትከሻቸው ይገፋል፣ እጅ አንጓቸው ግን ዲስኩን አያሽከረክረውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአየሩ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። ፍጥነት ትንሽ ሲጨምር ተርኑ በብዙ የሚጨምረው ለዚህ ነው። ትናንት ቀጥ ብሎ የሄደው ዲስክ ዛሬ ጉልበት ስታክሉበት የሚተኛውም ለዚህ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የዲስኩ? በምን ልለይ?

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። ዲስኩ የት እንደወደቀ አትዩ። ከእጃችሁ ሲወጣ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን አሥር ሜትሮች እዩ። ሰው ሁሉ ዓይኑን መጨረሻው ላይ ይጥላል። ምክንያቱ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው እጅ አካባቢ ነው ያለው።

ዲስኩ ከእጃችሁ ሲወጣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የወጣበት አንግል ከክንዳችሁ መንገድ ጋር አልገጠመም። ክንዳችሁ በአንድ በኩል ይጎትታል፤ እጃችሁ ዲስኩን በሌላ በኩል ይጠመዝዘዋል። የሚንቀጠቀጥ ዲስክ ጉልበቱን ያባክናል፣ ከተሠራለት በላይም ይዞራል። ይህ የአወራወር ችግር ነው። ዲስክ ብትቀይሩ ችግሩ አብሯችሁ ይሄዳል።

ዲስኩ ሳይንቀጠቀጥ፣ ግን ከመጀመሪያውኑ ቀኝ ጎኑ ወርዶ ከወጣ አንሃይዘር ወርውራችኋል። ሳታስቡት ነው። ያጋደለ ዲስክ ላይ የራሱ ተርን ሲጨመርበት መገልበጡ አይቀርም። ይህም የአወራወር ጉዳይ ነው፤ ማረሚያው ግን ከፊተኛው ይለያል።

ለጥ ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ ወጥቶ ሃያ ወይም ሠላሳ ሜትር ከሄደ በኋላ ቀስ እያለ ከተኛ ግን ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ወይ ዲስኩ ለክንዳችሁ ፍጥነት ለስላሳ (በቀላሉ ወደ ቀኝ የሚዞር) ነው፣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ንፋስ ከፊት መጥቶበታል።

አራተኛም አለ። ዲስኩ ከእጅ ሲወጣ ወዲያው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ግን አያጋድልም፤ መጨረሻውም ላይ ወደ ግራ ይመለሳል። ብዙ ሰው ይህንንም «ተገለበጠ» ብሎ ይመዘግበዋል። አልተገለበጠም። ጣታችሁ ዲስኩን ዘግይቶ ነው የለቀቀው፤ አቅጣጫው ብቻ ነው የተሳሳተው።

በራስ ዓይን ይህን ሁሉ ማየት ይከብዳል። ሰውነት እየዞረ ስለሆነ አንገት አብሮ ይዞራል። ጓደኛችሁ ከኋላችሁ ቆሞ በስልክ ይቅረጻችሁ፤ ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ እዩ። ከጎን የተቀረጸ ቪዲዮ ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም፤ የዲስኩን ማጋደል አያሳይም። በትክክል ከኋላ፣ ካሜራው ወገብ ከፍታ ላይ ሆኖ ይሁን።

እኔ ጀማሪ ነኝ፣ ጉልበትም የለኝም። ታዲያ ከፍተኛ ፍጥነት ያለው ድራይቨር እንዴት ይገለበጥብኛል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጥርጣሬውም ልክ ነው። ቀስ ብሎ የተወረወረ ፈጣን ድራይቨር በተፈጥሮው ቶሎ ወደ ግራ ነው የሚወርደው። ተርኑ የሚነቃው ፍጥነት ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ጀማሪ እጅ ላይ ፍጥነቱ 12 ወይም 13 ተብሎ የተጻፈበት ዲስክ ከተገለበጠ ዲስኩ ለስላሳ ስለሆነ ነው ማለት ይከብዳል። መቶ በመቶ ባይሆንም በአብዛኛው እጅ አንጓው ተጠምዝዟል፣ ወይም ዲስኩ አጋድሎ ወጥቷል።

እንዲህ ይሆናል። ጀማሪው መጀመሪያ ዲስኩ ሁሉ ወደ ግራ ይወርድበታል። ይህን ለማረም እጁ ሳያስበው መዳፉን ወደ መሬት አዙሮ ዲስኩን ወደ ቀኝ መጠምዘዝ ይለምዳል። አንዳንዴ ይሳካለታል፤ ቀጥ ይልለታል። ከዚያ ክንዱ እየፈጠነ ሲመጣ ያ ልማድ ዲስኩን ይገለብጠዋል። «ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ በድንገት መጣ» የሚሉኝ ልጆች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ናቸው። በድንገት አልመጣም። ልማዱ ነበረ፤ ፍጥነቱ ነው የተገኘው።

እንዴት ነው የማርመው?

ድራይቨሩን ለጥቂት ጊዜ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡት። ፓተር (የቅርብ ርቀት) ወይም ሚድሬንጅ (የመካከለኛ ርቀት) ዲስክ ያዙ። ቀርፋፋ ዲስክ የእጅን ስሕተት አይሸፍንም፤ ትንሽ ብትጠመዝዙት ወዲያው ይንቀጠቀጣል፣ ይተኛል። ቆማችሁ፣ ሳትሮጡ፣ በግማሽ ጉልበት ፓተርን ለጥ አድርጋችሁ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ እስክታደርጉ ድረስ ድራይቨር አትንኩ። ይህ ምክር አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከሁሉም የሚሠራው እሱ ነው።

በተጨማሪ የሚከተሉትን ተመልከቱ።

እጅ አንጓ። ዲስኩ ከደረታችሁ ፊት ሲያልፍ መዳፋችሁ ወደ ሰውነታችሁ ይይ፣ ወደ መሬት አይዙር። ዲስኩን ከለቀቃችሁ በኋላ መዳፋችሁ ወደ መሬት ተገልብጦ ካገኛችሁት ጥምዘዛው ምናልባት ከመልቀቃችሁ በፊት ነው የጀመረው።

የዲስኩ መንገድ። ብዙ ሰው ወደ ኋላ ሲዘረጋ ዲስኩን በሰውነቱ ዙሪያ ያዞረዋል። ከዚያ ወደ ፊት ሲያመጣው ዲስኩ ቅስት ሠርቶ ይወጣል። ዲስኩ ከኋላ ወደ ፊት ደረታችሁን ታክኮ በቀጥታ መስመር ይምጣ። ክርናችሁ ከሰውነታችሁ ይራቅ፤ እቅፍ ውስጥ አይግባ።

አቋቋም። ክብደታችሁ ተረከዝ ላይ ከወደቀና ደረታችሁ ወደ ሰማይ ካየ ዲስኩ አንሃይዘር ይወጣል። ከወገባችሁ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ። ጅማ ደግሞ ሜዳ ሁሉ ለጥ ያለ አይደለም። ወደ ጅሬን በሚወስደው ዳገት ዓይነት መሬት ላይ ስትቆሙ የግራው በኩል ከፍ ካለ ሰውነታችሁ ሳታስቡት ወደ ኋላ ያጋድላል። ዲስኩም ቀኝ ጎኑን ጥሎ ይወጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ ዲስኩን ትንሽ ሃይዘር፣ ማለትም ግራ ጎኑን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ጉልበት። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በሰባ በመቶ ጉልበት ስትወረውሩ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ዲስክ በመቶ በመቶ ከተገለበጠ የተጨመረው ጉልበት ፍጥነት ብቻ ሳይሆን መወላገድም አምጥቷል ማለት ነው። በሰባው ቆዩ።

ዲስኩ ላይ የተጻፉት አራት ቁጥሮች ምን ይነግሩኛል?

የዲስክ አምራቹ ኢኖቫ ያስለመደው አጻጻፍ ነው፤ ብዙ ሌሎች አምራቾችም ይጠቀሙበታል። በተራ ፍጥነት፣ ግላይድ (ተንሳፍፎ የመቆየት ችሎታ)፣ ተርን እና ፌድ ናቸው። ለእኛ ጉዳይ ሦስተኛውን እዩ። ተርኑ ዜሮ ወይም +1 ከሆነ ዲስኩ ለመዞር እምቢ ይላል። -1 ትንሽ ይዞራል። -3፣ -4፣ -5 ከሆነ ለመዞር ሰበብ ነው የሚፈልገው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የኢኖቫው ፋየርበርድ 9፣ 3፣ 0፣ 4 ነው፤ ወደ ቀኝ መገልበጥ በጣም ይከብዳል። ሮድራነር 9፣ 5፣ -4፣ 1 ነው፤ ፍጥነቱ ከፋየርበርድ ጋር አንድ ሆኖ ጠባዩ ፍጹም ሌላ ነው። ማምባ 11፣ 6፣ -5፣ 1 ነው። ማምባን በሙሉ ኃይሉ ለጥ አድርጎ ወርውሮ «ለምን ተገለበጠ» የሚል ሰው ዲስኩ የተባለውን ነው ያደረገለት።

ቁጥሩ ግን በትክክለኛው ፍጥነትና ሽክርክሪት ለተወረወረ ዲስክ ነው የሚሠራው። ዴስትሮየር 12፣ 5፣ -1፣ 3 ነው። ያ -1 የሚታየው ፈጣን ክንድ ላይ ነው። መካከለኛ ክንድ ላላቸው ሌፐርድ፣ ማለትም 6፣ 5፣ -2፣ 1፣ ወይም ቲበርድ፣ ማለትም 7፣ 5፣ 0፣ 2፣ ብዙ ያስተምራሉ። አንድ ዲስክ ብቻ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ቲበርድ በሉት።

የጅማ ከፍታ ዲስኩን ይገለብጠዋል?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። እውነቱ ግን በተቃራኒው ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል። የሳሳ አየር ዲስኩን የሚገፋው በትንሹ ነው። ስለዚህ ተርኑ ይቀንሳል፤ ዲስኩ ከተጻፈለት ይልቅ ወደ ግራ ይበልጥ ያዘነብላል።

ይህ ማለት ጅማ ላይ የሚገለበጥ ዲስክ ቆላ ቢወርድ ይብስበታል። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ያው ዲስክ፣ ያው ክንድ፣ ይበልጥ ይዞራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ለምዳችሁ ወደ ጅማ ከመጣችሁ ልዩነቱን ልታዩት ትችላላችሁ፤ ዲስካችሁ ትንሽ ለስለስ ያለ ይመስላችኋል። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ልጆች «እዚህ ስመጣ ይገለበጥብኛል» ሲሉ የሰማ ሰው ከፍታን የሚከሰው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከፍታው ሳይሆን መውረዱ ነው።

ንፋስስ?

ንፋስ ዋና ተከሳሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ዲስኩ የሚያውቀው ከመሬት አንጻር ያለውን ፍጥነት አይደለም። የሚያውቀው ፊቱ ላይ የሚመታውን አየር ነው። ዲስኩን በሰከንድ 25 ሜትር ወረወራችሁት እንበል። ከፊት በሰከንድ 5 ሜትር ንፋስ ቢመጣ ዲስኩ በ30 እንደሚበር ሆኖ ነው የሚሰማው። ግፊቱ በስኩዌር ስለሚያድግ ጭማሪው 44 በመቶ ነው። አምስት ሜትር በሰከንድ ደግሞ ትልቅ ንፋስ አይደለም፤ የባሕር ዛፉን ቅጠልና ቀጭን ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ ነው።

በተለይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊጥል ሲል የሚነሣውን ንፋስ ተጠንቀቁ። ቆሞ የነበረ አየር በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ከየት በኩል እንደሚመጣም እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ከመወርወራችሁ በፊት ሣር ቆርጣችሁ ወደ ላይ በትኑ። እናንተ የቆማችሁበትን ብቻ ሳይሆን የሩቁን የዛፍ ጫፍም እዩ፤ ዲስኩ የሚበረው እዚያ ነው።

ከፊት ንፋስ ሲመጣ ተርኑ ዜሮ የሆነ ዲስክ ያዙ፣ ዝቅ አድርጋችሁ ወርውሩ፣ ጉልበት ቀንሱ። ብዙ ሰው ንፋሱን ለማሸነፍ ጉልበት ይጨምራል፤ ያ ነገሩን ያባብሰዋል። ከኋላ ሲመጣ ተቃራኒው ነው፤ ዲስኩ ቶሎ ወደ ግራ ይወርዳል፣ ስለዚህ ለስላሳ ዲስክ ይሻላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ዊጊንስ 338 ሜትር የወረወረው ከኋላ ኃይለኛ ንፋስ እየገፋው ነው።

የጎን ንፋስ ደግሞ ባጋደለ ዲስክ ላይ ነው ጉዳቱ። ቀኝ ጎኑ የወረደ ዲስክ ሥሩ ወደ ግራ ያያል። ከግራ የመጣ ንፋስ ሥሩን መትቶ ወደ ቀኝ ይወስደዋል። ከቀኝ የመጣ ንፋስ ጀርባውን መትቶ ወደ መሬት ይጫነዋል።

ዝናብና ጭቃስ አስተዋጽኦ አላቸው?

በጅማ ይህ ጥያቄ ሊታለፍ አይችልም። እርጥብ ጣት ላይ ዲስኩ ያለ ጊዜው ሾልኮ ይወጣል። ሾልኮ የወጣ ዲስክ ሽክርክሪት ይጎድለዋል፣ ይንቀጠቀጣልም። ከጠርዙ በውስጥ በኩል የተለጠፈው ቀይ ጭቃም ቀላል አይደለም። በአንድ በኩል የተጠራቀመ ጭቃ ሚዛኑን ያዛባል። ሁለት ፎጣ ያዙ። አንዱ ጭቃ ለመጥረግ፣ ሌላው በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረቅ ሆኖ ለእጅ ብቻ። ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ጣታችሁን አድርቁ። ዲስኩንም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከውስጥ ጥረጉት።

አዲስ ሳለ ቀጥ ይል ነበር። አሁን ለምን ይገለበጣል?

አርጅቷል። ዲስክ ሲሠራ የጠርዙ ጫፍ ምን ያህል ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ እንደተቀመጠ ጠባዩን በአብዛኛው ይወስነዋል። ከፍ ያለ ጫፍ ያለው ዲስክ ወደ ቀኝ መዞር እምቢ ይላል። ዲስኩ ዛፍ በመታ፣ ድንጋይ በነካ ቁጥር ያ ጫፍ ይጎዳል፣ ይጎረብጣል፣ ቀስ በቀስም ዝቅ ይላል። ዲስኩ ለስላሳ ይሆናል። በባሕር ዛፍ መሐል የምንወረውር ሰዎች ዲስካችን ቶሎ ማርጀቱ አይገርምም።

ፕላስቲኩም ይለያያል። የኢኖቫ ዲኤክስ ዓይነት ርካሽ ፕላስቲክ ጣት ላይ ደስ ይላል፣ ግን ቶሎ ይደበደባል። ቻምፒዮን የሚባለው ጠንካራ ነው፤ ጠባዩን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። በዚህም ምክንያት አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ዲስኮች እጅ ላይ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ሆነው ይገኛሉ።

ፀሐይም አለ። መኪና ውስጥ ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሌላ ዕቃ ተጭኖበት የዋለ ዲስክ ይጣመማል። ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ዙሪያውን እዩት፤ አንድ በኩል ከተነሣ ተጣምሟል። የተጣመመ ዲስክ ሲወጣ ስለሚንቀጠቀጥ የእጃችሁ ጥፋት ይመስላችኋል። ሙቅ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ነክራችሁ፣ በእጃችሁ አስተካክላችሁ፣ ለጥ ያለ ቦታ ላይ እንዲቀዘቅዝ ተዉት። የፈላ ውኃ ግን አትጠቀሙ።

ክብደቱ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ስሙና ፕላስቲኩ አንድ ሆኖ 150 ግራም የሆነው ከ175 ግራሙ ይበልጥ ይዞራል። ቀላል ዲስክ በአየር ግፊት ላይ የሚያሳየው መቋቋም አነስተኛ ነው፤ ንፋስም ይጫወትበታል። ትልቁ ክብደት ግን እንደ ልብ አይጨመርም። በ1976 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የፕሮፌሽናል ዲስክ ጎልፍ ማኅበር ለአንድ ሴንቲሜትር ስፋት 8.3 ግራም ብቻ ይፈቅዳል። 21.1 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ድራይቨር ከ175.1 ግራም ማለፍ የማይችለው በዚህ ስሌት ነው። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከዲስኩ ሥር በእስክሪፕቶ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለልጆችና ክንዳቸው ገና ላልጠነከረ ሰዎች ቀላሉ ይሻላል፤ መገልበጥ ለሚያስቸግራችሁ ከባዱ።

ፎርሃንድ ስወረውር ወደ ግራ ይገለበጥብኛል። አንድ ነገር ነው?

አንድ ነው፤ ሽክርክሪቱ በተቃራኒው ስለሆነ አቅጣጫው ይገለበጣል። በቀኝ እጅ ፎርሃንድ ተርን ወደ ግራ፣ ፌድ ወደ ቀኝ ነው። ፎርሃንድ ግን አንድ የራሱ በሽታ አለው። ሲለቁት መዳፍ ወደ መሬት ይገለበጣል። ይህ ዲስኩን ወዲያው ይጠመዝዘዋል። ዲስኩ ሲወጣም፣ ከወጣም በኋላ መዳፋችሁ ወደ ሰማይ ይይ። ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ አስጠጉ፣ በክንድ ሳይሆን በአንጓ ፈንጥቁት። ለፎርሃንድ ፌዱ ጠንከር ያለ ዲስክ መምረጥም ነውር የለውም፤ ፎርሃንድ በአብዛኛው ሽክርክሪቱ ያንሳል።

ግራኝ ነኝ።

ከላይ ያለውን ሁሉ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርጋችሁ አንብቡ። ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም። ጓደኞቻችሁ ወደ ቀኝ በሚጠማዘዝ መንገድ ላይ ሲቸገሩ እናንተ እዚያ ላይ ዕድለኞች ናችሁ።

በጣም የለሰለሰውን ዲስክ ልጣለው?

አትጣሉት። ለጀማሪ መስጠትንም አልከለክልም፤ ቀስ ለሚወረውር ሰው ያረጀ ዲስክ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለራሳችሁም ሁለት ሥራ አለው።

አንደኛው ሃይዘር ፍሊፕ ነው። ግራ ጎኑን ዝቅ አድርጋችሁ ትወረውሩታላችሁ። ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ ራሱ እየተነሣ ለጥ ይላል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ረጅም ይሄዳል። ምን ያህል ዝቅ ማድረግ እንዳለባችሁ ዲስኩ ራሱ ይነግራችኋል። ከተነሣ በኋላ አልፎ ከተገለበጠ ይበልጥ ዝቅ አድርጉት፤ ሳይነሣ ወደ ግራ ከወረደ ትንሽ ቀና አድርጉት። ይህን ውርወራ መማር ተርንን ከመፍራት ያወጣችኋል፣ ስለዚህ እኔ ጊዜ ስጡት እላለሁ።

ሁለተኛው ሮለር ነው። ሆን ብላችሁ ትገለብጡታላችሁ፤ በጠርዙ መሬት ይነካና ይሮጣል። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላለበት ቦታ ሁነኛ መፍትሔ ነው። ሣሩ አጭር፣ መሬቱ ደረቅ መሆን አለበት። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ሞክሩት፤ ክረምት ላይ ግን ጭቃው ስለሚይዘው ዲስኩን ለሃይዘር ፍሊፕ ብቻ ያዙት።